ጠይቀው የሚለኩት እትዬ፦ የአንዲት እግር ሠሪ የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የአባታችን መሥሪያና የቤተሰቡ መኝታ በአንድ ስስ ግድግዳ ብቻ በሚለያዩበት ቤት ውስጥ፣ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታችን ስለዚያ ቀን ሲተርኩ “መጋዙ ዝም ሲል እሷ ጀመረች” ይሉ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ሦስት ልጆች ተከታትለን ስንመጣ፣ ሁለተኛ እናት ሆነው አሳደጉን። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ የመጨረሻዋ ነኝ። “እትዬ” የሚለውን መጠሪያ የሰጠናቸው እኛ ታናናሾቻቸው ነን፤ ኋላ ግን ሠፈሩም ሆስፒታሉም ቀሙን። በዕድሜ የሚበልጧቸው የክፍል ኃላፊያቸው ሳይቀሩ እትዬ ይሏቸው ስለነበር፣ ዛሬም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

አባታችን ሐሳብ ሲገባቸው ወገባቸውን የሚይዛቸው ሰው ነበሩ። ሥራ ሲጠፋ ወይም ከወንድማቸው ጋር ሲኳረፉ ጎንበስ እንዳሉ ይቀራሉ። እናታችን ቅባት እያሿቸው “አንተ ሰውዬ፣ ያመመህ ወገብህ ብቻ አይደለም፣ ዝምታህም ነው። ተናገርና ቀና በል” ይሏቸዋል። አባታችን የሆዴን በሆዴ ባይ ነበሩና ቅባቱን ተቀብለው ምክሩን ይመልሱ ነበር። እትዬ የቅባቱን ጠርሙስ ይዘው ከአልጋው አጠገብ የሚቆሙ ልጅ ስለነበሩ ይህን ሁሉ እያዩ ነው ያደጉት።

ትምህርታቸውን በሠፈራችን ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ ሁለተኛ ደረጃ በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ሒሳብና ሥዕል ይወዱ ነበር፤ ታሪክ ሲያጠኑ ግን እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር አንድ አልጋ ላይ አብረን ያደግን ሰዎች እንመሰክራለን። ከዚያም ጤና ኮሌጅ ገብተው ነርስነት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቀን በሆስፒታሉ ጀርባ ሲያልፉ የመጋዝ ድምፅ ሰምተው ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ዘው አሉ። ወለሉ በጄሶ ዱቄት ነጥቷል፤ በግድግዳው ላይ እግሮች በተርታ ተሰቅለዋል። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይወጣ ነበር፤ እሳቸውን ግን የአባታቸው ቤት ሸተታቸው። ክፍል ቀይረው ይህንኑ ሙያ ተማሩ፣ ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት ሆነው ተመረቁ፣ እዚያው ወርክሾፕ ተቀጠሩ፣ ጡረታ እስኪወጡም ሌላ መሥሪያ ቤት አላዩም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በጄሶ ፋሻ ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ ቅርጹ ይወጣል፤ በቅርጹ ላይ የጋለ ፕላስቲክ ይለበጣል፤ ፕላስቲኩ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያ ባለጉዳዩ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መሀል ቆሞ መራመድ ይለማመዳል። እትዬ እጃቸው ቶሎ ተፈታ። ጄሶ የሚያቦኩላቸውና ቅርጹን የሚያወጡት የሥራ ባልደረባቸው፣ ሁላችንም “ጋሽ ጄሶ” የምንላቸው፣ “የእትዬ እግር ከመቆረጡ በፊት ከነበረው ያምራል” እያሉ ያሾፉ ነበር።

ሥራ በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ በያጅ መጡ። የተሠራላቸው እግር እንከን የለውም፤ እሳቸው ግን ያመኛል እያሉ ደጋግመው መለሱት። የሚያማቸው ደግሞ አሁን የሌሉት ጣቶቻቸው ነበሩ። ሐኪሞች መረመሯቸው፣ ቁስል የለም፣ እብጠት የለም። ሥራ ጠልተው ነው ብሎ ያማቸውም አልጠፋም። እትዬ እግሩን እንደገና ሊሞርዱ ብድግ ካሉ በኋላ፣ ደክሟቸው ነው መሰል፣ ሞረዱን አስቀምጠው ከባለጉዳዩ አጠገብ ቁጭ አሉና “ለመሆኑ እግርዎ ምን ይወድ ነበር?” አሏቸው። በያጁ እግራቸው ቀዝቃዛ ወለል ይወድ እንደነበር ተናገሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉና ማታ ጫማቸውን አውልቀው ሲሚንቶው ላይ ያሳርፉት ነበር። ቀጥለውም እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ የት እንደተጣለ ማንም እንዳልነገራቸው፣ መጠየቅም እንዳፈሩ ተናገሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ብዙ አለቀሱ። ሕመሙ በዚያ ቀን አልጠፋም። ግን ከዚያ ወዲህ እየቀለለ ሄደ፣ እግሩም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞረድ ልክ ሆነላቸው።

እትዬ የሰውየው ሕመም የውሸት ነበር ብለው አያውቁም። “ሕመሙ እውነት ነው፣ በሩ ብቻ ሌላ ነው” ነበር የሚሉት። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ማንንም አይለኩም። ሜትሩ ኪሳቸው ውስጥ ይውልና ያንን ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዱ መደነስ ይላል፣ አንዷ የስፌት መኪና መርገጥ ትላለች፣ አንድ ሽማግሌ በብርድ ጊዜ የሚስታቸውን ባት መንካት ብለው ሚስትየው እዚያው ቀልተዋል። የሚስቅም የሚያለቅስም ነበር፤ “እግር ልትሠሩልኝ ነው ወይስ ልታናዝዙኝ?” ብሎ በሩን ወርውሮት የሚወጣም ነበር። የወጣው በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ጉቶ የሚለውን ቃል “ጉቶ የዛፍ ነው” ብለው ከወርክሾፑ አባረሩት። የቀረውን እግር ታናሹ፣ ደህነኛውን ታላቁ፣ ሰው ሠራሹን ደግሞ የእንጀራ ልጅ አሉት፤ የእንጀራ ልጅ በጉልበት አይወደድም፣ ቀስ በቀስ ነው ይሉ ነበር። ጠዋት ሲገቡ “ታናሹ እንዴት አደረ?” ነው ሰላምታቸው። እኔ የቤታችን ታናሽ በመሆኔ፣ ወርክሾፑ በሄድኩ ቁጥር ባለጉዳዮቹ እንዴት እንዳደርኩ እየጠየቁ ይስቁብኝ ነበር።

የክፍል ኃላፊው በዚህ ደንብ ደስተኛ አልነበሩም። “እትዬ፣ ሰልፉ በር ላይ ደርሷል፣ እርስዎ ወሬ ይዘዋል” ይሏቸዋል። እሳቸውም “ጌታዬ፣ ሰልፉን የሚያስረዝመው ተመልሶ የሚመጣው እግር ነው” ይላሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን ተረት ለራሳቸው አስተካክለው “እዚህ ቤት እግር ያወጣዋል” ማለት ይወዱ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ካገኙ አይምሩም። አልቅሼ ወጥቶልኛል ብለው የስኳር በሽታ መድኃኒታቸውን የተዉ አንዲት ሴት ከእትዬ የሰሙትን ቁጣ እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ “እንባውም የራሱ ሥራ አለው፣ ክኒኑም የራሱ ሥራ አለው፣ አንዱን በአንዱ አታባሪ” ነበር ያሏቸው።

ትዳራቸው የተጀመረው በጠብ ነው። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። አንድ ጠዋት እትዬ ወደ ፌርማታው እየሮጡ ሳለ ጋሼ በሩን ዘግተው ጥለዋቸው ሄዱ። በማግስቱ እትዬ ቀድመው ተሳፍረው ከሹፌሩ ጀርባ ቆሙና “እኔ ለሰው እግር ስሠራ እውላለሁ፣ አንተ የሰው እግር ታስሮጣለህ” አሏቸው። ጋሼ በመስተዋቱ አይተዋቸው “ዛሬ ደርሰሽ የለ፣ ምን አስቆጣሽ?” አሉ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ እዚያች ፌርማታ ሲደርስ ሞተሩ የሚያስቸግረው ለምን እንደሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ያውቅ ነበር። እትዬ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ጋሼን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ጋሼ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ቤታቸው ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር።

ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ በደረሱበት ዓመት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ። ጋሼ ተሳፋሪውን አውርደው ከኋላ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊያስቀምጡ ሲሄዱ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መታቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ግራ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

እዚህ ላይ እትዬ በሕይወታቸው ትልቁን ስህተት ሠሩ። ይህን የምጽፈው በእሳቸው ትእዛዝ ነው፤ “ያንን ካልተናገርሽ ሌላውን አትናገሪ” ብለውኛል። ቁስሉ እንደዳነ፣ ጋሼ ከሆስፒታል አልጋቸው ሳይነሡ፣ ሜትራቸውን አውጥተው ለኳቸው። ጥያቄውን አልጠየቁም። መልሱን መስማት አልቻሉም ነበር፤ ለሌላው ሁሉ የሚበቃው ጆሯቸው ለገዛ ባላቸው ፈራ። በዚያ ፈንታ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆዩ፣ እጃቸው እስኪያብጥ እየሞረዱ፣ በዘመናቸው ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠውን እግር ሠሩ። ጋሼ ባደረጉት ቀን ወርክሾፑ በሙሉ አጨበጨበ። ጋሼም ፈገግ አሉ፣ ተራመዱ፣ እጃቸውን አውለበለቡ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እንደ ሻማ እየቀለጡ ሄዱ። ምግብ አልበላ አላቸው፣ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ እንቅልፍ ራቃቸው፣ የደም ግፊታቸው በክኒን አልወርድ አለ። ያ ተጫዋች ሰው “ደህና ነኝ” ከሚል ቃል በቀር ሌላ የሚያወጣው ጠፋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጋሼ ታናሹ ላይ የወጣውን ቁስል በካልሲ ሸፍነው ለሚስታቸው ሳያሳዩ ከርመው ኖሮ፣ ሲታይ አመርቅዟል። ሐኪሙ ቁስሉ በዚህ ከቀጠለ ጉልበታቸውም እንደሚቆረጥ ነገሯቸው። ጉልበት ያለው ሰውና ጉልበት የሌለው ሰው አካሄዳቸው የሰማይና የምድር ያህል እንደሚለያይ ከእትዬ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ደነገጡ። ስህተቱን ግን የፈለጉት ከፕላስቲኩ ውስጥ ነው። ሞረዱ፣ ለበጡ፣ አፈረሱ፣ እንደገና ሠሩ። አንገታቸው ደርቆ ወደ ጎን መዞር አቅቷቸው እንኳ ከሞረዱ አልተላቀቁም።

ያኔ ጋሽ ጄሶ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው “እትዬ፣ እኚህን ሰውዬ ማን ነው የለካቸው?” አሏቸው።

“እኔ ነኛ፣ ማን ይለካቸዋል?”

“ያ ጥያቄ ተጠይቋል?”

እትዬ ሞረዱን አስቀመጡ።

“እንግዲያው ገና አልተለኩም” ብለው ጋሽ ጄሶ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እትዬ በዚያ ቀን ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው፤ አውቶቡስ መሳፈር አልቻሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ሲወጡ፣ መኝታ ቤት ውስጥ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አቅርበው የጋሼን ቁስል እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ “እግርህ ምን ይወድ ነበር?” አሏቸው። ጋሼ ለሌላ ሰው ሲጠየቅ ሺህ ጊዜ የሰሙትን ጥያቄ እንደ አዲስ ሰሙት።

“ፍሪሲዮን” አሉ። “ዳገት ላይ አውቶቡሱ ሰው ጢም ብሎ ሲቆም፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቀው፣ አንድ ሰው ሳይንገጫገጭ ሲነሣ፣ እሱን ይወድ ነበር። ማንም አያውቅለትም። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።”

ከዚያ ለወራት ያልወጣው ወጣ። “እግሬ ከሄደ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አዝናለሁ ያለኝ የለም። ያገኘኝ ሁሉ እድለኛ ነህ፣ ሚስትህ እግር ሠሪ ናት ነው የሚለኝ። አንቺም ያን እግር ይዘሽ ስትመጪ ፊትሽ በርቶ ነበር። እንዴት ብዬ አንቺ ላይ ላልቅስ?” አሏቸው። እትዬ ሳፋውን ገፋ አድርገው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጭንቅላታቸውን ከባላቸው ጭን ላይ አሳረፉ፣ ሁለቱም ተላቀሱ። እትዬም ከአደጋው ቀን ጀምሮ አላለቀሱም ነበርና ለራሳቸውም አለቀሱ። ለካስ ያን ጊዜ ሁሉ አንገታቸውን ቅባት ሲያሹት የነበረው እንደ አባታችን ኖሯል።

ያ ውብ እግር ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ጋሼ በክራንች ሄዱ፤ ቀስ በቀስ ተቆጡ፣ አዘኑ፣ አኮረፉ፣ ሰው አይጠይቀኝ አሉ፣ እትዬም ዝም ብለው ከጎናቸው ተቀመጡ። እንቅልፍ ተመለሰ፣ ምግብ ገባ፣ ቁስሉ በሐኪሙ መድኃኒት እየጠገገ መጣ። የደም ግፊቱ ክኒኑን መስማት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ክኒኑ አልቀረም። ጉልበታቸውም ተረፈ። ሁለተኛውን እግር የሠሩት ጋሽ ጄሶና አንዲት ወጣት ባለሙያ ናቸው። እትዬ እንደማንኛውም የባለጉዳይ ሚስት ኮሪደር ላይ ቦርሳ ታቅፈው ጠበቁ። ጋሼ አስቀድመው “እንዳታጨበጭቡ” ብለው ስለነበር ማንም አላጨበጨበም። ወደ አውቶቡስ መንዳት ባይመለሱም የአዳዲስ ሹፌሮች አሠልጣኝ ሆኑ፤ ከጎን ተቀምጠው ፍሪሲዮን በድምፁ ብቻ ያርማሉ ይባላል።

እትዬ እስከ ስድሳ ዓመታቸው ሠርተው በጡረታ ተሰናበቱ፤ ከዚያም በኋላ ለተማሪዎች እንዲያስተምሩ ይጠሩ ነበር። ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በጋሼ ታሪክ ነው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምታችኋል? ያቺ የቸኮለችው እኔ ነኝ” ብለው ራሳቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ለሚወዱት ሰው መድረስ ማለት ቶሎ በእግሩ ማቆም ብቻ እንደሆነ አስበው እንደነበር፣ የሰው ሰውነትና ሐሳቡ በአንድ አልጋ እንደሚያድሩ ባልና ሚስት እንደሆኑ፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው እንደማይተኛ ይነግሯቸዋል። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

ባለፈው ዓመት እትዬ ክብደት መቀነስ ጀመሩ፤ ጀርባቸውን ያማቸው ነበር። ምርመራው የቆሽት ካንሰር መሆኑን ነገረን። ሊጠይቋቸው ከመጡት አንዳንዶች፣ በክፋት ሳይሆን በፍቅር፣ “ባለፈው ጊዜ በባልሽ ተጨንቀሽ ያመጣሽው ነው፤ እስቲ አሁንም አልቅሺና ይውጣልሽ” ይሏቸው ነበር። ለሌላው ሁሉ ትዕግሥተኛ የነበሩት እትዬ በዚህ ብቻ ተቆጡ። “ሐሳብና ሰውነት ባልና ሚስት ናቸው ስል የኖርኩት የታመመን ሰው እንድትወቅሱበት አይደለም። እኔ ይህን በሽታ አልጠራሁትም፣ በእንባም አይሄድም። የማለቅሰው እንድድን ብዬ አይደለም፣ ስላዘንኩ ነው” አሏቸው። ከዚያም አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ማስታገሻቸውን በሰዓቱ ዋጡ፣ ከልጆቻቸው ጋር ተጫወቱ። ሕመሙ ባይለቃቸውም ብቻቸውን ሆነው አልታመሙም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው፣ ልጆቻቸው ከግራና ከቀኝ ሆነው፣ ጋሼ የቀዘቀዘ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያሞቁላቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ መምህርት የሆነች ሴት ልጃቸውንና ኤሌክትሪሻን የሆነ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና እኔን ታናሻቸውን ትተው ሄደዋል። እርምጃቸውን ከእሳቸው እጅ ያገኙትን ሰዎች ቁጥር አላውቅም፤ ዙሪያችሁን ብትመለከቱ ከእኔ ይልቅ ትገምታላችሁ።

የቀረኝ አንድ አደራ ነው። እትዬ በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዘው “አደራ፣ ያን ሰውዬ ቶሎ እንዳታቆሙት” ብለውኛል። ከሐሙስ ወዲህ የጋሼ ታናሹ አብጦ ሰው ሠራሹ እግር አልገባ ብሏቸዋል፤ ሰው ሲያዝን ሰውነቱም አብሮ ያዝናልና። ስለዚህ ዛሬ ቆመው አይቀበሏችሁም። በርታ፣ አንተ እኮ ጠንካራ ነህ፣ ይኸውና ልጆች አሉህ አትበሏቸው። አጠገባቸው ተቀመጡና እናዝናለን በሏቸው። እሱ ይበቃል።

ሰውን ሁሉ ሳይቸኩሉ የተቀበሉትን የእኅታችንን ነፍስ ፈጣሪ በሰላሙ ይቀበል። ለጋሼ ደግሞ ለማዘን የሚፈልጉትን ጊዜ ሁሉ ይስጣቸው። አሜን።